አይተኩስም

ያምሮት ከእንቅልፏ የነቃችው ከጣውላው ግርግዳ ማዶ አጎቷ ወንዳወቅ ሚስቱን ሲያስጠና ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ፊደል እንደሚያስቆጥር መምህር ቃል በቃል እየቆረጠ፣ "አልጋ ሳነጥፍ ነበር በይ" ይላታል። "አልጋ ሳነጥፍ ነበር" ትላለች ዓባይነሽ። "ከትራሱ ሥር እንዳለ አላወቅሁም፤ ጥንቃቄው ተደርጎ ነበር፤ እኔ ነክቼ ፈታሁት።" ይህኛው ረዘመባት። ሁለት ጊዜ "ጥንቃቄው" ላይ ደርሳ ቆመች፤ ሁለት ጊዜም ከመጀመሪያው አስጀመራት። በሦስተኛው ሳትሳሳት ስትወጣው "ጎሽ" አላት፤ ቀጥሎ የውሃ ብርጭቆ ሲነሳና ሲቀመጥ ተሰማ። ያምሮት ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ስባ ዝናብ ኮርኒሱ ላይ የሣለውን ቡናማ እድፍ ስታይ ቆየች። ሰው የገዛ ሚስቱን እጅ በስቶ ሲያበቃ፣ ጥፋቱን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ያስይዛታል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ገና ፊቷን ሳትታጠብ ጠራት። ሳሎን ውስጥ መዶሻና ሚስማር ይዞ ባዶ እግሩን ቆሟል። የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ያለበትን የቀን መቁጠሪያ ከከፍታው አውርዶ ሶፋው ላይ አስተኝቶታል። በቡፌውና በሶፋው መሃል፣ በሰው ወገብ ልክ፣ ግርግዳው ላይ የተከፈተችውን ቀዳዳ በመዶሻው እጀታ አሳያትና እዚያ ላይ እንድትሰቅለው አዘዛት፤ ያንቺ ዓይን ልክ ነው አላት። ቀዳዳዋ ትንሽ ናት። ዙሪያዋ ግን ቀለሙ ተልጦ የምርጊቱ ጭቃና ጭዱ ወጥቷል። ያምሮት ሚስማሩን መታች። መልአኩ ሰይፉን እንደመዘዘ ከሶፋው ክንድ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆመ። ሰው ለምን እንዲህ ዝቅ አለ ብሎ ቢጠይቅ ምን እንደሚባል በትሕትና ጠየቀችው። ለልጆች እንዲታያቸው ነው እንላለን አለ። በቤቱ ውስጥ ልጅ የለም።

ወንዳወቅ የፍኖተ ሰላም በርበሬ ነጋዴ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ወገቡ ላይ የኖረው ሽጉጥ ከባድ፣ አሮጌ ማካሮቭ ነበር። በጎኑ ላይ ጥንቃቄ የሚሏት ትንሽ ክንፍ አለችው፤ በአውራ ጣት ወደ ላይ ሲገፏት ሽጉጡ ይታሰራል፣ ምላጩን ቢስቡትም አይተኩስም። ወንዳወቅ ይህንን በእንግዳ ፊት ማሳየት ይወድ ነበር። ያቀባብለዋል፣ ክንፊቱን ወደ ላይ ይገፋል፣ አፈሙዙን ወደ ሰው አዙሮ "አይተኩስም" ይልና ምላጩን ይስባል። የፈራው ሰው ዓይኑን ሲጨፍን እስኪያስለው ይስቃል። ባለፈው ክረምት ግን መንገዱ እንደሚታወቀው አስጊ ሲሆን፣ ኮት ሥር የማትታይ፣ መዳፍ የምታክል የቱርክ ሽጉጥ ሰው አመጣለትና አሮጌውን ሸጠው። አዲሲቱ ክንፍ የላትም። በምላጯ መሃል እንደ ሕፃን ምላስ ብቅ ያለች ነገር አለች፤ ጣት እሷን ካልተጫነ ምላጩ አይሳብም፤ ጥንቃቄዋ ይኸው ነው፣ ማለትም አለመንካት ነው። ወንዳወቅ ይህን በደንብ ያውቃል፤ ለጠየቀው ሁሉ ያስረዳል። አውራ ጣቱ ግን አላወቀም። ከአሥራ አምስት ቀን በፊት ማታ ዓባይነሽ ለእራት እጁን ልታስታጥበው በግራዋ ማንቆርቆሪያ ይዛ ስትቀርብ፣ ያቺን ሽጉጥ ሲያሻሽ ነበር። "ኧረ ወዲያ በልልኝ" ብላ ቀኝ እጇን ዘረጋች። አቀባበለው፣ አውራ ጣቱ ለስላሳውን ብረት ወደ ላይ ጠረግ አደረገ፣ "አይተኩስም" አለ። ያምሮት ፎጣ ይዛ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ጥይቱ በዓባይነሽ መዳፍ አልፎ ግርግዳው ውስጥ ገባ። እሱ ደግሞ ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ ሚስቱ ገና ሳትጮህ፣ "ጥንቃቄ አድርጌው ነበር" አለ። ከዚያ ወዲህ ስንቴ እንዳለው ያምሮት ቆጥራ አልጨረሰችም። አሁን አሁን ሲለው ፊቱ ላይ ሐሰት አይታይም።

ዛሬ እሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ የዓባይነሽ ታናሽ ወንድም ባንተአምላክም ከቡሬ ገጠር ይመጣል። የእህቴ ደም ፈሷል፣ በማን እጅ እንደፈሰሰ ሰምቼ ልወቅ ብሎ ልኳል። ለጨዋታ ብሎ አፈሙዝ አዞረባት ከተባለ ነገሩ የት እንደሚደርስ በዚያ አገር ማንም ለማንም አይነግርም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ ዓባይነሽ አልጋ እያነጠፈች ነበር። ያምሮት ልታበጥራት ከኋላዋ ተቀምጣ፣ አንድ እጅ ብቻ የቀራትን ሴት ፀጉር በሁለት እጇ እየከፈለች፣ የሆዷን ልትናገር ሞከረች። "እትዬ፣ እንዲህ አይበሉ" አለቻት። ዓባይነሽ መስታወቱን እያየች ቀስ ብላ መለሰች፦

"የነካሁትም እኔ፣ የተኮስሁትም እኔ ልሁን። ያ ሽጉጥ ብቻ ከቤቴ ይውጣልኝ። እንዲህ ካልሽ አወጣዋለሁ ብሎ ምሎልኛል። ሌሊት ትራሱ ሥር ሲንቀሳቀስ እሰማዋለሁ መሰለኝ፤ ብረት አይንቀሳቀስም አይደል?"

አይንቀሳቀስም አለቻት ያምሮት። ደብረ ማርቆስ አራት ዓመት ተምራ ከተመረቀች ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ሥራ የላትም። አባቷ ደምበጫ ገጠር ያርሳል። የምትተኛበት አልጋም የምትበላው እንጀራም የወንዳወቅ ነው። አፏን ስትከፍት ይኼ ሁሉ ከጥርሷ በስተጀርባ ይሰለፋል።

ጠዋት የቁስሉን ፋሻ ለማስቀየር ጤና ጣቢያ አብራት ሄደች። ባጃጁ ለሁለት ሰው አርባ ብር ጠየቃቸው፤ የታሰረውን እጅ ሲያይ ወደ ሠላሳ ዝቅ አደረገው። አግዳሚው ላይ አንድ ገበሬ ያበጠ ጉንጩን በነጠላ ጠቅልሎ ተቀምጦ ስለ በቆሎ ዋጋ ያወራል። ነርሷ ወፍራም፣ የደከማት ሴት ናት። ጨርቁን በውሃ እያራሰች ስትልጠው ዓባይነሽ ከንፈሯን ነክሳ ኮርኒሱን አየች። የመዳፉ መሃል እንደ ትንሽ ጉድጓድ ሰርጉዷል፤ የቀለበት ጣቷና ትንሿ ጣቷ አይታጠፉም። ነርሷ እጠፊያቸው አለቻት፤ ጣቶቹ ዝም አሉ። ምን ሆነው ነው ስትላት ዓባይነሽ ትምህርቷን አንድ ቃል ሳታጎድል ደገመችላት፤ አልጋው፣ ትራሱ፣ ጥንቃቄው። ነርሷ ቀና ሳትል አዲሱን ጨርቅ እየጠመጠመች፣ "በዚህ ወር ሦስተኛዋ አልጋ አንጣፊ እርስዎ ነዎት" አለች። "ወንዶቹ ግን መቼ ይሆን የሚያነጥፉት?" ወደ ቤት ሲመለሱ ዓባይነሽ በሹክሹክታ፣ ልክ ነበርኩ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ያምሮት ልክ ነበሩ አለቻት፤ ወዲያው በገዛ መልሷ አፈረች።

እንግዶቹ ስድስት ሰዓት ላይ መጡ። መሪጌታ ክንፈሚካኤል ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ናቸው፤ የመስቀላቸውን ጫፍ በነጠላቸው ጠቅልለው ከበሩ ትይዩ ተቀመጡ። አቶ ዘሩ የወንዳወቅ የንግድ ሸሪክ ነው፤ ሽማግሌ የሆነው ዕድሜው ደርሶ ሳይሆን መጋዘን ስላለው ነው። ባንተአምላክ ቀጭን፣ ፀሐይ ያከሰለው ሰው ነው፤ ሚሊሻ ሆኖ ብዙ ዓመት ጠብመንጃ ተሸክሟል። ሲገባ እህቱን ሳማት፣ የታሰረውን እጅ ወደ ላይ አንሥቶ አየው፣ ቀስ ብሎም አወረደው። አማቹን አልሳመውም። ቤቱ እንደ ወትሮው በርበሬ በርበሬ ይሸታል፤ መሪጌታ ሁለት ጊዜ አስነጠሳቸው። በግ ታርዶ ነበርና ምሳው ረዘመ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ መንገዱ ተወራ። ዓባይነሽ በግራ እጇ ልታጎርስ ስትሞክር ዘሩ በግራ አይጎረስም ብሎ ቀለደባት፤ ቀልዱ እንዳልያዘለት ሲያይ ሌላ ቁራሽ ሥጋ አነሣ። አፉ ዙሪያ ስቡ ያብረቀርቃል። ያምሮት ሳህን እያነሣች እሱን ላለማየት ዓይኗን ወደ መልአኩ ብታዞር፣ መልአኩም ከሶፋው ክንድ አጠገብ ቁጢጥ ያለ መሰላት።

ሳህኑ ሲነሣ መሪጌታ ነገሩን ከፈቱ። ዓባይነሽ ከመጋረጃው አጠገብ ቆማ ቃሏን ሰጠች። አንድም አልተሳሳተችም። ወንዳወቅ አንገቱን እየነቀነቀ፣ "እኔ ጥንቃቄ አድርጌው ነበር" ሲል ጨመረበት። ባንተአምላክ የእህቴን እጅ የበላውን ልየው አለ። ወንዳወቅ ከወገቡ መዘዘው፣ የጥይት ካዝናውን አወጣና ባዶ ነው እያለ ሰጠው። ባንተአምላክ ግን ልምድ አለውና የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሳበው። አንድ ፍሬ ጥይት ዘላ ወጥታ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለች፣ በጠረጴዛው ሥር አልፋም ያምሮት እግር ላይ ቆመች። ከዚያች ማታ ወዲህ ትራስ ሥር ስታድር የኖረች፣ ሽጉጡ የጎረሳት ጥይት ናት። ያምሮት ዝቅ ብላ አነሣቻት። ብረቱ ሞቃት ነበር፤ የሰው ገላ ሙቀት። ዓባይነሽ በደህናው እጇ መጋረጃውን ያዘች። ዘሩ ሳቀ።

ባንተአምላክ ሽጉጡን አገላበጠው። አንድ ጎኑን አየ፣ ሌላውን ጎን አየ፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

"አያ ወንዳወቅ፣" አለ ድምፁን ሳያነሣ፣ "ጥንቃቄው የት ጋ ነው?"

በውጭ የሆነ ባጃጅ ጡሩንባ ነፋ። ያምሮት ባንተአምላክን አየችው፤ አሁን ገባው፣ አሁን ይነሣል ብላ ጠበቀች፤ አንድ ነገር በልቧ ብርሃን የሆነ መሰላት። ወንዳወቅ ላቡን ጠረገና ምላጩ ላይ ነው አለ፤ ምላሷን ካልተጫናት አትሳብም። ባንተአምላክ ጣቱን አስገባ። አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ ባዶውን ሽጉጥ ቀስ ብሎ ሳበው፤ ቅስ አለ። ብረቱን መልሶ ጎትቶ ደገመው። ፊቱ እንደ ሰም መለስለስ ጀመረ። ዘሩ ወንበሩን አስጠግቶ ማስረዳት ያዘ፤ መጀመሪያ ባዶ መንገድ ነው፣ ጣትህ እንደ ሐር ላይ ይሄዳል፤ ከዚያ ትቆማለች፤ እዚህች ጋ ልሂድ ወይ ብላ ትጠይቅሃለች፤ ከዚያ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቅስ። አሮጌዎቹማ፣ አለ ዘሩ፣ ዘይት ያልጠጣ በር እንደ መክፈት ናቸው፤ ስትስብ ክንድህ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱ ሰዎች ከሥጋው የተረፈው ስብ ባልታጠበበት ጣታቸው እየተቀባበሉ ሳቡት። መሪጌታ ብቻ ወደ መስቀሉ አታዙሩት አሉ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሴት በመጋረጃ ሥር የተቀደደ መዳፏን ይዛ ቆማለች፤ እነሱ ምላጭ ያጣጥማሉ።

ከዚያ ወንዳወቅ "ውሰደው" አለ። ያችን አንዲት ቃል ብቻ። ባንተአምላክ ቀና አለ። ሁለቱ ተያዩ፤ በዚያ መተያየት ውስጥ ሁሉም ነገር፣ አልጋውም ትራሱም የሌለው ጥንቃቄም፣ ያለ ቃል ተነገረና ተዘጋ። "ለእህቴ ካሳ ይሁን እንግዲህ" አለ ባንተአምላክ፤ ሽጉጡን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በነጠላው ጫፍ ሸፈነው። ዘሩ እግዜር ይስጥልን አለ። መሪጌታ ጥቂት አመነቱ፤ ደም ከሚፈስ ሰላም አይሻልም ወይ ብለው ራሳቸውን የሚጠይቁ ይመስል ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ በመጨረሻም ወረቀት ይምጣ አሉ።

የምትጽፈው ያምሮት ነበረች፤ ከሳምንት በፊት ተነግሯታል፤ የዩኒቨርሲቲ እጅ ያማረ ነው ተብላ። ዘሩ አጻጻፏን ከላይ እያየ ነገራት፤ እሷ ጻፈች። ወይዘሮ ዓባይነሽ አልጋ ሲያነጥፉ፣ ጥንቃቄ ተደርጎ የነበረውን መሣሪያ በራሳቸው ስሕተት ነክተው ስለ ፈቱት፣ በማንም ላይ ቂምም ክስም የላቸውም። ዘሩ ለማኅተም የሚሆን ቀለም ከኪሱ አወጣ። ዓባይነሽ ቀኝ እጇ ደህና ሳለ ስሟን ትጽፍ ነበር፤ አሁን ግን የግራ አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረችና የሚነበብ ከሆነ ይነበብልኝ አለች። ያምሮት አነበበች። "ጥንቃቄ ተደርጎ የነበረውን" የሚለው ላይ ስትደርስ መቀጠል አቃታት። ዓባይነሽ ጣቷን ከወረቀቱ በላይ እንዳንጠለጠለች ወንድሟን አየችው።

"ባንቴ፣ ሦስት ልጆች አሉህ" አለችው። "እኔ አልነካሁትም። አይተኩስም ብሎ ወደኔ አዞረው፣ ሳበው። የዋሸሁት ከቤቴ ይውጣ ብዬ ነው። አንተ ቤት ይግባ ብዬ አይደለም።"

ወንዳወቅ ምንጣፉን አየ። ባንተአምላክ አልደነገጠም፤ ይኼ ነበር የከፋው። በነጠላው ላይ ሆኖ ጭኑ ላይ ያለውን ነገር ዳሰስ አደረገና፣ "እቴ፣ ተስማምተናል እኮ" አላት። "ይኼን ለሰው ሁሉ መናገር ደም ከመቀስቀስ በቀር ምን ይረባሻል?" መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጣትሽን አድርጊ ልጄ አሉ፤ ድምፃቸው ግን ወደ መጨረሻው ሰለለ። ዓባይነሽ ጥቁሩን ጣት አዲሱ ፋሻዋ ላይ ጠረገችው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ገባች። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ሳይታተም ቀረ። ወንዳወቅ ወደ ያምሮት ዞረ። "አንቺ አድርጊላት። ጣት ጣት ነው።"

"አይሆንም ጋሼ" አለች። ድምፅዋ ለራሷ እንኳ እምብዛም አልተሰማትም። ግን ተሰምቷል፤ የወንዳወቅ ፊት ጠቆረ፤ እንጀራውም አልጋውም በዚያች ቅጽበት ከእጇ እንደወጡ አወቀች። ዘሩ ተነፈሰ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ የራሱን ወፍራም አውራ ጣት ነክሮ በዓባይነሽ ስም ሥር ተጫነው። ወረቀቱ ላይ ከቀለሙ ዙሪያ የስብ ክብ ወጣ። መሪጌታ ሳይባርኩ ተነሡ፤ ቅዳሴ ያደከማቸው አስመስለው ወጡ። ያምሮት ምን እንደምታደርግ ሳታስብ ወደ ግርግዳው ሄዳ የቀን መቁጠሪያውን ከሚስማሩ አነሣችና ወደ ድሮው ከፍታው መለሰችው። ቀዳዳዋ ተገለጠች፤ ሳሎን ውስጥ፣ ከአልጋ ክፍሉ ርቃ፣ በሰው ወገብ ልክ። ባንተአምላክ አየ። ተጠጋ። ትንሿን ጣቱን አስገብቶ ጥልቀቷን ለካ፤ ጣቱን ሲያወጣ አፈሩን አራግፎ፣ "አቤት አገባቧ" አለ፤ ለዘሩ፣ በአድናቆት።

ሊወጣ ሲል ያቺን ፍሬ አቀብይኝ አላት። ያምሮት ጥይቷን በቀሚሷ ኪስ ውስጥ ጨብጣለች፤ አላውቅም አለች። ግድ የለም፣ ሌላ አለ አለና ካዝናውን ከተተ። መንገዱ አይታመንም እያለ አቀባበለው። ከዚያ አውራ ጣቱ፣ የሚሊሻ ዘመን አሮጌ ሽጉጦች ያስተማሩት አውራ ጣት፣ ለስላሳውን ብረት ወደ ላይ ጠረግ አደረገ፤ ምንም የሌለበትን ቦታ። ልቡ ረግቶ ሽጉጡን ከሆዱ ሥር ሻጠውና ወጣ። ያምሮት አየች። ያየ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ወይም ያዩትም እንዳላዩ ሆኑ።

ዓባይነሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ትራሱ ወለል ላይ ወድቋል። ወጣ ወይ ብላ ጠየቀች። ወጣ አለቻትና አጠገቧ ተቀመጠች፤ የወንድሟን አውራ ጣት ነገር ነገረቻት። ዓባይነሽ አላለቀሰችም። የቡሬ አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ አሰበች፤ ከመናኸሪያው ወዲያ ደግሞ ያለውን የእግር መንገድ። ከዚያ ስልኩን አውጪልኝ፣ አልጣሽን ደውይልኝ አለች። አልጣሽ የባንተአምላክ ሚስት ናት። ያምሮት ቁጥሩን ፈልጋ ደወለች፤ ስልኩን ዓባይነሽ ጆሮ ላይ ደግፋ ያዘችላት። ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። በሦስተኛው ተነሣ፤ ከወዲያ የበግ ድምፅና የልጆች ጫጫታ ተሰማ፤ አልጣሽ ምነው በደህና ነው አለች።

"ደህና ነኝ። ስሚኝ አልጣሽ" አለች ዓባይነሽ። "ሲገባ አንድ ነገር ያሳይሻል። አይተኩስም ይልሻል።"